ዕጩው ዓርብ ጾመ አልጾመ፣ ድምፃችን ይቀየራል?

ምርጫ ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ውስጥ በመድረክ የማይጠየቅ፣ ቡና ላይና ለቅሶ ቤት ግን የማይቀር ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ሰውዬው ይጾማል?» ይላል አንዱ። «ኧረ እሱ ጴንጤ ነው አሉ» ይላል ሌላው። ከዚያ ወሬው ወደ ትዳሩ ይዞራል፣ ወደ መጠጡ፣ ወደ እናቱ አገር። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አይተነዋል የሚል ይመጣል። ለታይታ ነው የሚልም አይጠፋም። የፓርቲውን ፕሮግራም አንብቦ የመጣ ሰው ካለ ዝም ቢል ይሻለዋል፣ የሚሰማው የለም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «ሕዝባችን የሚመርጠው ሃይማኖትና ባህል አይቶ ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ፖለቲከኛው ስለ ውርጃ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ግብረ ሰዶም፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሴት ልጅ መብት በግሉ የሚያስበው ነገር ድምፅ ያመጣል ወይም ያሳጣል ተብሎ ይታሰባል። እኔ ግን አልስማማም። ወሬ ሌላ ነው፣ ድምፅ ሌላ። የግል አመለካከት ብቻውን ድምፅ የሚቀይርበት አጋጣሚ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ሲቀይርም ብዙውን ጊዜ መራጩ የሚመዝነው አመለካከቱን ራሱን አይደለም። «ይሄ ሰው ያከብረናል ወይስ ይንቀናል?» የሚለውን ነው።

የ1997ቱን ምርጫ እንይ። በቴሌቪዥን የተላለፈውን ክርክር ለማየት ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ካለው ቤት የተሰበሰበበት ጊዜ ነው። ክርክሩ ስለ መሬት ነበር፣ የመገንጠልን መብት ስለሚሰጠው አንቀጽ 39፣ ስለ አሰብ ወደብ፣ ስለ ኑሮ። ምርጫው የተካሄደው ግንቦት 7 ነው። አሁን ብዙ ሰው ልብ ያላለውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልክ ከስድስት ቀን በፊት፣ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካው እሱ ነው።

ሕጉ የነካካው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ውርጃ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች በአንቀጽ 551 አሰፋ፦ በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመድ የተጸነሰ ከሆነ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ እናቲቱ ልጅ ከሆነች ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ማሳደግ ካልቻለች። የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል ብሎ በስሙ ጠራው። ያለዕድሜ ጋብቻ የሚፈጽመውን ሰው የሚቀጣ አንቀጽ አስገባ። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን ቀዳዳ ዘጋ። በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ግንኙነት ላይ የነበረውን ክልከላ ደግሞ እንዳለ ይዞ ቀጠለ።

እስቲ አስቡት። እንዲህ ያለ ሕግ በምርጫው ሳምንት ሥራ ላይ ሲውል በሌላ አገር ቢሆን ከዚያ ሌላ ወሬ አይኖርም ነበር። እዚህ ግን የምርጫው ጉዳይ አልሆነም። ገዢው ፓርቲ አልፎከረበትም፣ ተቃዋሚውም ዋና መፈክሩ አላደረገውም። ሸዋ ውስጥ ያን ጊዜ ጣቱን እያወጣ ለተቃዋሚው ቅንጅት የጨፈረው ወጣት አንቀጽ 551ን በተመለከተ የትኛው ዕጩ ምን እንደሚያስብ አያውቅም። ለማወቅም አልፈለገም። የፈለገው ሌላ ነገር ነበር፣ ለውጥ።

ለምን እንደዚያ ሆነ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ሁሉም ዕጩ አንድ ዓይነት መልስ በሚሰጥበት ጥያቄ ማንም አይመረጥም፣ ማንም አይወድቅም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ እንደሚያሳየው አማራ ክልል ያለው ሰሜን ሸዋ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፣ ከመቶው 94 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 5 ያህሉ ሙስሊም። በግብረ ሰዶም ጉዳይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚለያዩበት ነገር የለም። ሁለት ዕጩዎች መራቤቴ ዓለም ከተማ ላይ ቢከራከሩና ይህ ቢነሳ ሁለቱም ተመሳሳይ መልስ ይሰጣሉ፣ ሰዉም ያጨበጭብላቸዋል፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ጥያቄ ይሄዳል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋና ፓርላማዋ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ በግብረ ሰዶም ላይ ቅጣቱን የሚያጠብቅ ሕግ አጸደቀ። በአፍሪካም በአውሮፓም ትልቅ ዜና ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ግን ሳይፈርሙ አቆዩት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ምርጫ ሲመጣ ሁለቱም ዋና ዕጩዎች፣ ክርስቲያኑ ጆን ማሃማም ሙስሊሙ ማሃሙዱ ባውሚያም፣ ግብረ ሰዶምን እንደሚቃወሙ ተናግረዋል። ታዲያ ሕዝቡ በምን ለያቸው? በኑሮ ነዋ። የዋጋ ንረቱ በ2022 መጨረሻ ከ54 በመቶ አልፎ ነበር፣ አገሪቱም ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነበር። ባውሚያ ያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ ያውም በኢኮኖሚ አዋቂነታቸው የታወቁ። ማሃማ ከ56 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ያ ሁሉ የሥነ ምግባር ንግግር ለማንም የተለየ ነጥብ አላስቆጠረም።

ሁለተኛው ምክንያት የምርጫው አሠራር ነው፣ እሱን ቶሎ ልለፈው። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር አንመርጥም። በየምርጫ ክልላችን የፓርላማ ተወካይ እንመርጣለን፣ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይመርጣል። ስለዚህ አንድ የመንዝ ገበሬ የመሪውን እምነት ባይወድ እንኳ ካርዱ ላይ የሚያገኘው ጎረቤቱን ነው፣ የአገሩን ልጅ፣ ምናልባትም የክርስትና አባቱን ልጅ። ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 2005 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ከኦርቶዶክስ ውጭ የሆነ ክርስቲያን ሥልጣኑን ሲይዝ አዲስ ነገር ነበር፣ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸውና። ዐቢይ አሕመድ በ2010 መጋቢት ሲመጡም የሙሉ ወንጌል ምእመን መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ የዐቢይን ፎቶ መኪናው ላይ ለጥፎ የዞረው ሹፌር የቅዱስ ገብርኤልንም ሥዕል ከጎኑ ለጥፎ ነበር። አልተጋጩበትም። በዚያ ዓመት ሐምሌ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው ሲኖዶስ ታርቆ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ጴንጤ ነው የተባለው መሪ በብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤት ሲመሰገን ሰምቻለሁ።

ነገሩ የተገላበጠው በኋላ ነው፣ የተገላበጠበትም መንገድ ብዙ ያስተምራል። ጥር 2015 ላይ ሦስት ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ወሊሶ ላይ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ጉዳዩ ተካረረ። ሲኖዶሱ ምእመኑ በጾመ ነነዌ ጥቁር እንዲለብስ አዘዘ። የመንግሥት አያያዝ ብዙ ምእመን አስቆጣ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ እምነት እንደገና ወሬ የሆነው ያኔ ነው። «ድሮም የፓርቲው ስም ብልጽግና የሆነው ለምን ይመስላችኋል» የሚለው፣ ስሙን ከጴንጤዎች የብልጽግና ወንጌል ጋር የሚያያይዘው አሉባልታ፣ ከ2012 ጀምሮ ለቀልድ ይነገር የነበረው፣ ያን ሰሞን እንደ ማስረጃ ይነገር ጀመር። ልብ በሉ፣ የሰውየው እምነት በ2010ም በ2015ም ያው ነው። የተቀየረው ሰዉ «ተነካሁ» ማለቱ ነው። ቅሬታው መጣ፣ እምነቱ ለቅሬታው ማብራሪያ ሆነ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ አብዛኛው ተንታኝ ግን ገልብጦ ያነበዋል።

ይህ ቅደም ተከተል ለሸዋ አዲስ አይደለም። እንዲያውም የአገራችን ትልቁ ምሳሌ ደጃችን ላይ ነው የተፈጸመው። ልጅ ኢያሱ ሐረር እያሉ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ተሰብስበው ከሥልጣን አወረዷቸው። ክሱ አንድ ነው፣ ሃይማኖታቸውን ቀይረዋል፣ ሰልመዋል የሚል። ከሙስሊም ቤተሰብ ሚስት አገቡ፣ ጥምጣም ጠመጠሙ፣ መስጊድ ገቡ ተባለ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡንና መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከዚያ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ከነሠራዊታቸው ደመሰሱ። ጥቅምት 17 ደግሞ ሰገሌ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ፣ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና በራስ ተፈሪ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ያ ሜዳ ላይ የረገፈው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች ይወሳል።

ታዲያ ያ ሁሉ ደም በአንድ ሰው እምነት ምክንያት ፈሰሰ? መልኩ እሱ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። የምኒልክ ዘመን ሹማምንት ከግዛታቸው እየተነሱ፣ ሥልጣናቸው እየጎደለ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ በላይ እየገነኑ ነበር። በዓለም ጦርነቱ መካከል እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢያሱ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ያዘነብላል ብለው ፈርተው መኳንንቱን ይገፉ ነበር። ኢያሱ ከሙስሊሙ ጋር የተወዳጁት ደግሞ አገሪቱን በክርስቲያን ብቻ መያዝ አይቻልም ከሚል የፖለቲካ ስሌት እንደሆነ የሚከራከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። እንግዲህ ማንም መኳንንት ወጥቶ «ግዛቴ ስለተወሰደብኝ ነው» ብሎ ሕዝብ አያስከትልም። «ሃይማኖትህ ተነካ» ካለ ግን ያስከትላል። የመሪ የግል አመለካከት ጉልበት እዚህ ላይ ነው ያለው። አስቀድሞ የተከፋ ሰው ለመነሳት ምክንያት ሲፈልግ ያገኘዋል። ያልተከፋ ሰው ግን በእሱ ብቻ ከቤቱ አይወጣም።

አሜሪካኖቹ ይህንን በቁጥር አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኅዳር የሚዙሪ ግዛት ሕዝብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ሁለት ነገር ተጠየቀ። ፕሬዚዳንት ማን ይሁን? የውርጃ መብት በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ይግባ ወይስ አይግባ? 58 በመቶ ያህሉ ዶናልድ ትራምፕን መረጠ። በዚያው ወረቀት 51 በመቶ ተኩል ያህሉ የውርጃ መብት ይግባ አለ። ካንሳስም ከሁለት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር አድርጋ ነበር። ትራምፕን በ56 በመቶ የመረጠች ግዛት ናት፣ ውርጃን ለመገደብ በር የሚከፍተውን ማሻሻያ ግን 59 በመቶው ጣለው። ማለትም ጉዳዩን ብቻውን ስትጠይቀው አንድ መልስ ይሰጥሃል፣ ሰው ምረጥ ስትለው ደግሞ ያንን ጉዳይ ወደ ጎን አድርጎ በሌላ ነገር ይመርጣል። ስለ ገበያው፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ሰውየው ድፍረት።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንድ የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ነጭ ወንጌላውያን አማኞችን፣ በግል ሕይወቱ ነውር የፈጸመ ባለሥልጣን ሥራውን በሥነ ምግባር መሥራት ይችላል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ይችላል ያሉት 30 በመቶ ነበሩ። በ2016 መኸር፣ ትራምፕ ዕጩ ሆነው ሳለ፣ እንደገና ሲጠየቁ 72 በመቶ ሆኑ። መጽሐፍ ቅዱሱ አልተቀየረም፣ ዕጩው ነው የተቀየረው! ጋብሪኤል ሌንዝ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪም ብዙ ምርጫ መርምሮ የደረሰበት ይኸው ነው። መራጭ ብዙውን ጊዜ ሰውየውን አስቀድሞ ይመርጣል፣ አቋሙን በኋላ ይወርሳል። እኛም ጋ እኮ ነው። የምንወደው ፖለቲከኛ ቢጠጣ «ተጫዋች ነው» እንላለን። የምንጠላው ቢጠጣ ሰካራም ነው።

እንግዲህ «በጭራሽ አይሠራም» ማለቴ አይደለም። የሚሠራበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ስኮትላንድ ውስጥ ገዢው ፓርቲ መሪ ሲመርጥ ኬት ፎርብስ የምትባል ወጣት ፖለቲከኛ ተወዳደረች። አጥባቂ ፕሮቴስታንት ናት። ጋዜጠኞች ጠየቋት። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ ሲጸድቅ ፓርላማ ውስጥ ብኖር ኖሮ እቃወመው ነበር አለች፣ ሕጉን ግን አልነካም። በማግስቱ ደግፈዋት የነበሩ የፓርቲው ሰዎች ድጋፋቸውን ማንሳት ጀመሩ። በመጨረሻ 52 ለ48 ተሸነፈች። ጠባብ ነው። ያ ንግግር ባይኖር ታሸንፍ ነበር ማለት ይቻላል፣ አይቻልም ማለትም ይቻላል። ግን ሦስት ነገር ተገጣጥመው እንደነበር አስተውሉ። ተወዳዳሪዎቹ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለሆኑ በሌላው ጉዳይ ብዙም አይለያዩም፣ ድምፅ የሚሰጡት የፓርቲው አባላት ብቻ ናቸው፣ የእሷ አመለካከት ደግሞ ከአብዛኞቹ አባላት የተለየ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ የግል እምነት ይመዝናል። አንድ ዓመት አልፎ ፓርቲው ሲቸገር ደግሞ እሷኑ ምክትል ቀዳማዊ ሚኒስትር፣ ማለትም የስኮትላንድ መንግሥት ምክትል መሪ፣ አድርጎ ሾማት። እምነቷን አልቀየረችም።

እንግሊዝ ውስጥ ቲም ፋረን የሊበራል ዴሞክራቶች መሪ ሆኖ በ2017 ምርጫ «ግብረ ሰዶም ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ደጋግሞ ተጠየቀ። አንዴ ሸሸው፣ አንዴ አይደለም አለ፣ ማንም አላመነውም። ፓርቲው ግን ከምርጫው 12 መቀመጫ ይዞ ወጣ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ 8 ነበር ያገኘው። እሱ ከምርጫው በኋላ ክርስቲያንም የፓርቲ መሪም ሆኖ መቀጠል ከበደኝ ብሎ ለቀቀ። ጉዳቱ በመቀመጫ አልታየም። የታየው እሱ ላይ ነው፣ እየተርበተበተ መመለሱ ላይ። በእኔ ግምት አቋሙን ከመጀመሪያው አፍረጥርጦ ቢናገር ያነሰ ይጎዳ ነበር። ሰው የሚጠላው እምነትን ሳይሆን ማድበስበስን ነው፣ ይህ እዚህ እኛ ጋም ያው ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። በ2013 ምርጫ ሰሞን አንድ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ። ዕጩው መጣ። በሁለት መኪና። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ፊቱን አጨፈገገ፣ ሐዘን ላይ ቅስቀሳ ሊያደርግ ነው ብሎ። ወንበር አመጡለት፣ እንቢ አለ። ሽማግሌዎቹ ጋ አግዳሚው ላይ ተጠጋቸውና ተቀመጠ። ንፍሮ ሲዞር በእፍኙ ተቀብሎ ቀስ እያለ በላ። አንዲት ቃል ስለ ምርጫ አልተናገረም። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ወጣ። ከወጣ በኋላ ወሬው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከሁለት ቀን በፊት ያ ሰው ይጾማል አይጾምም ሲባባሉ የነበሩት ሴቶች «ቁጭ ብሎ ንፍሮ በላ እኮ» ይባባሉ ነበር። አንዲት እናት «የሰው ልጅ ነው» አሉ። ከዚህ በላይ የምርጫ ውጤት የለም።

ያ ዕጩ ስለ ጋብቻ ሕግ ምን እንደሚያስብ ማንም አልጠየቀውም። የጠየቁት ቢሆን ምን ሊል እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት እንደ ሰው ይቆጥረናል ወይስ አይቆጥረንም የሚለውን ነበር። ጾም፣ ስመ ክርስትና፣ ሰንበቴ፣ እነዚህ ሁሉ ለዚያ መመዘኛ ናቸው። ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ አንኮበር ሥር ወዳሉት አርጎባዎች ስትወርድ ደግሞ ዕጩው ተዝካሩም ሰደቃውም ላይ ካልታየ አይሆንም። እዚያ ሙስሊም መሆኑ ወይም አለመሆኑ ሳይሆን ከጎረቤቱ ድግስ መቅረቱ ነው የሚያስቀጣው።

ድምፁን የሚወስነው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጥላ፣ የተፈናቀለው ሕዝብ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ እየኖረ፣ ማን ስለ ጾም ሲል ይመርጣል? ጥያቄው «ማን ያስጥለናል» ነበር። ብልጽግና በዚያ ምርጫ ከ436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4። ስለ ውጤቱ ብዙ መከራከር ይቻላል፣ ተወዳዳሪው በነፃነት ተንቀሳቅሷል አልተንቀሳቀሰም የሚለውን ጨምሮ። ግን የትኛውም ፓርቲ በማኅበራዊ ጉዳይ አቋሙ ነው የተሸነፈው ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬ ሰልፍ ሲወጣ፣ ከዚያ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የደሴ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የፖለቲከኛ ትዳርና ጾም ወሬም ራሱ ቀንሶ ነበር። ጅሩ ላይ ዩሪያ ያላገኘ ገበሬ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ መቼ ይመጣል።

አሁን ግን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ሁሉም በሚስማማበት በግብረ ሰዶም ጉዳይ ፖለቲከኞቻችን ደፋሮች ናቸው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰው በእውነት የሚለያይባቸው ማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ ግን አፋቸው ይታሰራል።

በዓላትን ውሰዱ። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ በዚያ ላይ አቦ፣ ሥላሴ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ እሑድ ሙሉ፣ ቅዳሜም በየቦታው። በእነዚህ ቀናት አይታረስም፣ አይታጨድም። የጅሩ ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ይቋጥራል፣ ዘር አንዴ ካለፈው አለፈው ነው። ወጣቱ ገበሬ በሹክሹክታ «ጥቂቱን ብንሠራስ» ይላል። አባቱ «በረዶ ልታመጣብን ነው» ይለዋል። ቄሶቹም በዚህ ጉዳይ ሁሉም አንድ አይደሉም። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው፣ እህል የሚነካ። አንድ ዕጩ እነዋሪ ላይ ወጥቶ በዓል ይቀነስ ቢል ይወድቃል፣ ይህንን እቀበላለሁ። ይጨመር ቢልም ወጣቱ ይስቅበታል። ስለዚህ ዝም ይላል። ክርክሩ ለግብርና ባለሙያው ይቀራል፣ እሱም ደሞዝተኛ ስለሆነ ዝም ይላል።

አረቄም እንደዚያው። ፓርላማው በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ቴሌቪዥን ወጣ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥም ተከለከለ። ያን ጊዜ ፓርላማው ውስጥ አንድም የተቃዋሚ አባል አልነበረም፣ በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ስለያዙ። ደብረ ብርሃን የሁለት ቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ ሐበሻም ዳሽንም እዚህ ይጠምቃሉ። አረቄዋ ደግሞ ከፋብሪካው በፊት የነበረ ነው፣ ብቅልና ጌሾ ይዘው ጭስ ውስጥ የሚውሉ ሴቶች ልጆቻቸውን ያስተማሩበት። በዚያው አረቄ ባሏ የጠፋባት ሴትም እዚያው ሰፈር አለች። ይህን ሁለት ነገር ይዞ የሚናገር ዕጩ አላየሁም። አንዱ «ወጣቱ በሱስ እየጠፋ ነው» ይላል በጥቅሉ፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ማንም አይነካም። የትኛውን መጠጥ፣ የማንን ገቢ፣ በምን ትተካዋለህ ብሎ የሚጠይቀው ጋዜጠኛም የለም።

ያለዕድሜ ጋብቻው ከሁሉም ይብሳል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎታል፣ ከወንጀል ሕጉ አምስት ዓመት ቀድሞ። ሕጉ ላይ ክርክር የለም። መንዝ ውስጥ ወይም ሚዳ ወረሞ፣ ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል እያለች ሽማግሌ ሲላክ ግን ሠርጉን የሚያስቆመው ማን ነው? መምህሯ ናት፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ጠላት የሚበዛባቸው እነሱ ናቸው፣ ቡና የማይጠሩት እነሱን ነው። ዕጩው ደግሞ የልጅቷ አባት የሃምሳ ሰው ድምፅ ያለው ትልቅ ሰው ከሆነ ሠርጉ ላይ ተጠርቶ ይበላል። የግል አመለካከቱን ብትጠይቀው፣ ልጅ መዳር ነውር ነው ይልሃል፣ ከልቡ ነው ደግሞ። እዚያ ሠርግ ላይ መቀመጡ ግን ነው ለመንደሩ የሚናገረው።

እና በዚህ ጉዳይ የዕጩው አቋም ድምፅ ይቀይራል አይቀይርም ብለን የምንጠይቅ ከሆነ፣ አስቀድሞ ማን እንደጠየቀው መታወቅ አለበት። በየምርጫ ጣቢያው ሰልፍ ላይ ግማሹ ሴት ነው፣ ከእነሱም ውስጥ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው የተዳሩ ብዙ ናቸው። በምረጡኝ ስብሰባ ላይ ግን እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው ወንዱ ነው፣ እሱም የሚጠይቀው ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ነው። ሴቷ ከኋላ ቆማ ትሰማለች። ዕጩው «የሴቶችን መብት እናስከብራለን» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጥልና ወደሚቀጥለው ቀበሌ ይሄዳል። ሴቶቹ ብቻቸውን የተቀመጡበት ስብሰባ ተጠርቶ፣ እከሌ ልጁን በስንት ዓመቷ ዳረ፣ አንተስ ሠርጉ ላይ ምን ትሠራ ነበር ተብሎ ቢጠየቅ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም፣ ዕጩዎቹም አያውቁም። እንዳይጠየቁ ግን ይጠነቀቃሉ።